ከአንገት በላይ ሕክምና

በአማርኛችን «ከአንገት በላይ» ሁለት ትርጉም አለው። አንዱ ሆስፒታል በር ላይ የሚለጠፈው ነው፤ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ክፍል። ሌላውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ከአንገት በላይ ፍቅር፣ ከአንገት በላይ ይቅርታ፣ ከአንገት በላይ «እንኳን ደህና መጣህ»። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ሁለቱ ትርጉሞች ስለተገናኙበት ቦታ ነው። አንገቱ ላይ ያበጠ ነገር ይዞ ሐኪም ፊት ስለሚቀመጥ ሰው።

የአክስቴ ልጅ ባንክ ቤት ነው የምትሠራው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ፀጉሯን እየተሠራች ሳለ ፀጉር ሠሪዋ «እዚህ ጋ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት። ከጆሮዋ ሥር፣ በቀኝ በኩል፣ ሽንብራ የምታህል ነገር። አያማትም፣ አያተኩሳትም። ሰፈር ያለው ፋርማሲ ገባች፤ አሞክሳሲሊን ተሰጣት (ያለ ወረቀት፣ ያለ ጥያቄ፣ እንደ ማስቲካ)። ሽንብራዋ ባቄላ ሆነች። ክሊኒክ ሄደች፤ «ኢንፌክሽን ነው» ተብላ ኦግመንቲን ታዘዘላት። ሌላ ክሊኒክ ሄደች፤ እዚያ ያለው ደግሞ «ደካማ መድኃኒት ነው የሰጡሽ» ብሎ ሲፕሮ ጻፈላት። አክስቴ በበኩሏ «ንፍፊት ነው፣ በሞቴ በቅቤ ልሽሽ» አለች። ታሸች። ባቄላዋ አድጋ የዶሮ እንቁላል ስታክልና መሃሏ ሲለሰልስ፣ አራተኛው ቦታ «መግል ቋጥሯል» ብለው በምላጭ ቀደዱት።

ከዚያ ቁስሉ አልድን አለ። አራት ወር ሙሉ ፋሻ እየቀየረች፣ በግንቦት ሙቀት አንገቱ የተዘጋ ሹራብ ለብሳ ብር ስትቆጥር ከረመች። ቤት ስትገባ ሹራቡን አውልቃ የምትጥለው እንደ እባብ ነበር።

በመጨረሻ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ ወጣት ሐኪም አገኘች። «በመርፌ ታይቶ ያውቃል?» አላት። አራት ቦታ፣ ስምንት ወር፣ ማንም ያልጠየቃት ጥያቄ ይሄ ነበር። ከቁስሉ አጠገብ ካበጠ ሌላ ዕጢ በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደላት። እኔ ውጪ ማኪያቶ አዝዤ ነበር፤ ማኪያቶው ሳይመጣ እሷ ጨርሳ ወጣች። በማግስቱ ውጤት መጣ፤ የዕጢ ቲቢ። የስድስት ወር ኪኒን፣ ከመንግሥት ጤና ጣቢያ፣ በነጻ። ዛሬ ድናለች። ጠባሳው ግን አለ። ያ ጠባሳ የቲቢው አይደለም፣ የምላጩ ነው። ቲቢ የያዘውን ዕጢ እንደ ተራ ብጉንጅ ቀዶ መተው ቁስሉ ሳይገጥም እየመገለ እንዲከርም እንደሚያደርግ አራተኛው ቦታ የነበረው ሰው ተምሮታል። ፈተናም ሳይወጣበት አልቀረም።

እስቲ ስለ መርፌው ላውራ፤ ብዙዎቻችሁ ስሙን ስትሰሙ ጭን የሚያህል ነገር እንደሚታያችሁ አውቃለሁና። ሐኪሞቹ ኤፍ ኤን ኤ ይሉታል። መርፌው ብዙውን ጊዜ 23 ወይም 25 ጌጅ ነው፤ ይኼ ማለት ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ለደም ምርመራ ክንዳችሁ ላይ ከሚገባው 21 ጌጅ መርፌ (0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ) ይቀጥናል። ብዙ ጊዜ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልገውም፤ ማደንዘዣውን መወጋት ራሱ ከምርመራው እኩል ያማልና። መርፌው እብጠቱ ውስጥ ይገባል፣ ለጥቂት ሰከንድ ወደፊትና ወደኋላ ይላል፣ ይወጣል። ምናልባት ሁለት ሦስቴ ይደገማል። የወጣችው ጠብታ ስላይድ ላይ ትቀባለች፤ አንዱ ስላይድ አየር ላይ ይደርቃል፣ ሌላው አልኮል ውስጥ ይገባል። ከዚያ ቀለም፣ ከዚያ ማይክሮስኮፕ። አንዳንዴ ገና ማይክሮስኮፑ ሥር ሳይገባ የሚናገር ናሙና አለ። ቲቢ ያበላሸው ዕጢ ውስጥ የሞተው ሥጋ አይብ ይመስላል፤ ፈረንጆቹም በሕክምና ቋንቋቸው የሚጠሩት በአይብ ስም ነው። ሐኪሙ ሲሪንጁን ሲገፋ አይብ ስላይዱ ላይ ሲወርድ ካየ ግማሹን መልስ አገኘ ማለት ነው።

አዲስ ነገር ስለሆነ ገና አልደረሰንም እንዳትሉኝ። ሄይስ ማርቲን የሚባል የራስና የአንገት ቀዶ ሐኪምና ኤድዋርድ ኤሊስ የሚባል የላቦራቶሪ ቴክኒሺያን ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ሆስፒታል ይሠሩበት የነበረውን ዘዴ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ማለትም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነገሡበት ዓመት። (የእነሱ መርፌ ከዛሬው ይወፍር ነበር፤ ካሮሊንስካ ያሉት ስዊድናውያን ናቸው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና 60ዎቹ አቅጥነው ዓለምን ያስተማሩት።) ንጉሡ ነገሡ፣ ተሰደዱ፣ ተመለሱ፣ ወረዱ፤ ደርግ መጣ፣ ሄደ። እኛ አሁንም «እስኪ ይሄን ኦግመንቲን ሞክሪውና ተመለሽ» እንባባላለን።

ለምን እንደተናደድኩ ለማስረዳት አንድ ቃል ላንሳ። ነቀርሳ። አባቶቻችን አንገት ላይ አብጦ የሚፈነዳውን ነገር ነቀርሳ ይሉታል። ቲቢን የሳንባ ነቀርሳ እንላለን። ካንሰርንም ነቀርሳ ብለነዋል። ሁለት ፍጹም የተለያዩ በሽታዎች፤ አንዱ በስድስት ወር ኪኒን የሚድን፣ ሌላው በቀዶ ጥገና፣ በጨረርና በኬሞ የሚሳደድ። አማርኛ አልለየቻቸውም። አትፈረድባትም፤ አንገት ላይ ሲወጡ ዓይን ለአንድ ቀን አይለያቸውም፣ ጣትም አይለያቸውም። የሚለያቸው መርፌው ነው። የእኛ ሐኪም ግን መርፌውን ትቶ ከአማርኛ ጋር አብሮ ይምታታል።

መምታታቱ ደግሞ በሁለቱም በኩል ይገድላል። የአክስቴ ልጅ ታሪክ እንኳ ቀላሉ ነው። ሌላኛው መንገድ እንዲህ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ የአንገት ዕጢ ቲቢ ብዙ ስለሆነ (ከሳንባ ውጭ የሚይዘው ቲቢ ከአገሪቱ የቲቢ ሕሙማን ሲሶ ያህሉ ነው) አንዳንዱ ሐኪም ገና እብጠቱን ሲያይ «ቲቢ ነው» ብሎ መድኃኒት ያስጀምራል። ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል። ልክ ያልሆነበት ጊዜ ግን ሰውየው ስድስት ወር ሙሉ የቲቢ ኪኒን ሲውጥ ሊምፎማው ወይም ከጉሮሮው ተነሥቶ አንገቱ ላይ ያረፈው ካንሰር ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ ሥራውን ሲሠራ ይከርማል። ከአፍንጫ ጀርባ የሚነሣ ካንሰር እንዳለ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ የመጀመሪያ ምልክቱ አፍንጫ ላይ አይደለም፤ አንገት ላይ ያበጠ፣ የማያም ዕጢ ነው። የማያም! እኛ ደግሞ ካላመመን ሐኪም ቤት አንሄድም።

«ግን አንቲባዮቲክ መሞከር ምን ክፋት አለው?» የሚል አይጠፋም። ጉንፋን ይዞህ፣ ጥርስህ ተመርዞ፣ እብጠቱ ቀልቶና ሞቆ ሲነኩት ካመመህ ምንም ክፋት የለውም፤ አንድ ጊዜ ሞክር። ልጆች ላይ ደግሞ አብዛኛው የአንገት እብጠት እንዲሁ መጥቶ እንዲሁ የሚሄድ ነው። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2017 ለአዋቂዎች ያወጣው መመሪያ ግን የኢንፌክሽን ምልክት ከሌለ አንቲባዮቲክ በዘልማድ አትስጡ ይላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ወይም የጠነከረ፣ ወይም ሲገፉት የማይንቀሳቀስ፣ ወይም ከአንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር የበለጠ እብጠት ጥርጣሬ ይገባዋል ይላል። ጥርጣሬ ካለ ደግሞ በቀዶ ጥገና ከመክፈት ይልቅ በቀጭን መርፌ እዩ ይላል። ውስጡ ውሃ ስላለ ብቻ «ሲስት ነው» ብላችሁ አትሸኙም ይላል፤ ካንሰርም ውሃ ይቋጥራልና።

ክፋቱን ልንገራችሁ። ሲፕሮና ዘመዶቹ የቲቢን ባክቴሪያ በመጠኑ ይነካሉ። ብቻቸውን ግን ጨርሰው አያጠፉትም፤ ያዳክሙታል። እብጠቱ ትንሽ ጎደል ይላል፣ አንተ «ተሻለኝ» ትላለህ፣ ቲቢው ወር ሁለት ወር ይደበቃል። ከዚህ የባሰው ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳ ነው። ሊምፎማ ስቴሮይድ ሲያይ ይሟሟል። ዕጢው ጠፋ ብለህ ዶክተሩን ትመርቃለህ፤ በኋላ ተመልሶ ሲመጣና ትክክለኛው ሐኪም ናሙና ሲወስድ የሚያየው ነገር የተበላሸ ሥዕል ነው። ማስረጃውን ራሳችን አጥፍተነዋል። ፖሊስ ሳይደርስ የወንጀሉን ቦታ ጠርጎ የሚያጥብ ዘበኛ አስቡት፤ ቅን ሰው ነው፣ ግን አጥቦታል።

«ታዲያ ከተጠረጠረ ለምን ዝም ብሎ አይቆረጥም? አውጥቶ መገላገል!» ይሄኛው አባባል ጀግና ስለሚመስል ብዙ ደጋፊ አለው። መርፌውን እ.ኤ.አ. በ1930 ያስተዋወቀው ያው ማርቲን ቀዶ ሐኪም ነበር፤ መቁረጥ እንጀራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ግን ያለጊዜው የአንገት ዕጢ የሚቆርጡትን ባልደረቦቹን የሚገሥጽ ጽሑፍ ጻፈ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ አንገት ላይ ያለው ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ እንግዳ ነው። ቤቱ ሌላ ቦታ ነው፤ ምላስ ሥር፣ ቶንሲል፣ ጉሮሮ፣ ከአፍንጫ ጀርባ። እንግዳውን ጎትተህ አወጣህ ማለት ባለቤቱን ያዝክ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 ማክገርትና ማኬብ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ዕጢያቸው አስቀድሞ የተቆረጠባቸው ሕሙማን ላይ የቁስል መበላሸት፣ የካንሰሩ አንገት ላይ መመለስና ወደ ሩቅ አካል መዛመት በዝቶ አገኘ። በኋላ የመጡ ሌሎች ጥናቶች «ዋናው ሕክምና ቶሎ ከተከተለ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም» ብለው ተከራክረዋል። እሺ፣ ይሁን። ግን «ቶሎ ከተከተለ» የምትለዋን ሐረግ እስቲ አዲስ አበባ አምጥታችሁ አንብቧት። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና ይሰጥ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሌሎች ማዕከሎች ቢከፈቱም ወረፋ የሚባለውን ነገር ለእናንተ አላስረዳም። አንገቱን ከፍተህ ወረፋ ላይ የምታቆመው ሰው ቶሎ አይከተለውም።

ደግሞ ከመቁረጡ በላይ የሚያቃጥለኝ ከተቆረጠ በኋላ ያለው ነው። የተቆረጠው ሥጋ ብልቃጥ ውስጥ ተከቶ «ይሄን ፓቶሎጂ ውሰዱ» ተብሎ ለአስታማሚ ይሰጣል። አስታማሚው ብልቃጡን በጥቁር ፌስታል ይዞ ታክሲ ይሳፈራል። አንዳንዱ ያደርሳል። አንዳንዱ ገንዘብ አልቆበታል። አንዳንዱ «ወጥቷል አይደል፣ ምን ያደርጋል» ይላል። ይሄን ራሴ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጉልበታቸው ላይ የያዙት ፌስታል ውስጥ የልጃቸው ዕጢ ነበር። መውረጃቸውን እንዳሳያቸው ጠይቀውኝ ነው ያወቅኩት። ሳይመረመር የቀረ ሥጋ ማለት በነጻ የተቆረጠ አንገት ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ሐኪሞቹን ብቻ መሳደብ ቀላል ነው። እኛ መርፌውን እንፈራለን። «ብረት ከነካው ይበተናል።» ስንቶቻችሁ ናችሁ ይሄን ከእናታችሁ፣ ከጎረቤት፣ ከቲክቶክ ያልሰማችሁ? ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዘመድ ታሞ ከርሞ፣ ከርሞ፣ መጨረሻ ላይ ሆስፒታል ይሄዳል፣ በመርፌ ይነካል፣ ካንሰር ነው ይባላል፣ በሦስት ወር ይሞታል። ለቅሶ ቤት የሚቆጠረው ሦስቱ ወር ብቻ ነው፤ ከመርፌው በፊት የባከነው ዓመት አይቆጠርም። መርፌው ዜናውን አመጣ እንጂ በሽታውን አላመጣም። ካንሰር በመርፌው መንገድ ላይ መዝራቱ የተመዘገበ ነገር ነው፤ ውሸት ነው አልልም። ግን በቀጭን መርፌ እጅግ ብርቅ ነው። ይሄን ብርቅ ነገር ፈርቶ በየቀኑ የሚሆነውን መዘግየት የሚመርጥ ሰው፣ መኪና ይገጨኛል ብሎ የሚቃጠል ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት እኮ የእኛው ሰዎች ናቸው።

መርፌው ሁሉን ያውቃል እያልኩ እንዳይመስላችሁ። አያውቅም። እንቅርት ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ካንሰር አለ፤ ፎሊኩላር የሚባለው። ሴሎቹ ከማይጎዳው ዕጢ ሴሎች ጋር አንድ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ የዕጢውን ሽፋን ሰብሮ መውጣት አለመውጣቱ ላይ ስለሆነ መርፌ አያየውም፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ለዚህ ነው የእንቅርት መርፌ ውጤት ቤቴስዳ በሚባለው አሠራር ከአንድ እስከ ስድስት በደረጃ የሚሰጠው፤ መሃል ላይ ያሉት ደረጃዎች ሐቀኛ «እንጃ» ናቸው። ሊምፎማም እንዲሁ፤ መርፌው ይጠረጥረዋል፣ ዓይነቱን ለመለየት ግን ብዙ ጊዜ ወፈር ያለ ናሙና ወይም ሙሉ ዕጢ ይጠይቃል። እዚያ ጊዜ ቆራጩ ሐኪም ይቁረጥ፤ ምን እንደሚፈልግ አውቆ ይቁረጥ። የሚመታ፣ እንደ ልብ ትር ትር የሚል እብጠት ደግሞ መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታይ። በመርፌ ታይቶ «ምንም የለም» ከተባለ በኋላ እብጠቱ ማደጉን ከቀጠለ ያ ወረቀት ነጻ ማውጫ አይደለም፤ ይደገም። ብዙ ሰው አንድ ጊዜ «ሪአክቲቭ» የሚል ወረቀት ይዞ ዓመት የሚተኛው እዚህ ላይ ነው።

መልካም ዜናም አለ፤ እንዲያውም የሚያናድደው መልካም ዜናው ነው። ከመርፌው የወጣችው ያቺው ጠብታ ጂን ኤክስፐርት የሚባለው ማሽን ውስጥ ትገባለች፤ ማሽኑ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቲቢ መሆን አለመሆኑን፣ ሪፋምፒሲን የሚባለውን ዋና መድኃኒት መቋቋም አለመቋቋሙን ጭምር ይናገራል። የዓለም ጤና ድርጅት ማሽኑን ለአክታ የደገፈው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ለዕጢ ናሙናም እንዲውል የመከረው በ2013። ማሽኑ አገራችን ውስጥ አለ። መርፌው አለ፤ ከፋርማሲ ይገዛል። ስላይዱ አለ። አልኮሉ አለ። የጎደለው ሁለት ነገር ነው፤ «መርፌ ይታይ» የሚል ሐኪምና ስላይዱን የሚያነብ ፓቶሎጂስት።

ሁለተኛው እውነተኛ ችግር ነው። ፓቶሎጂስት ጥቂት ነው፣ ያለውም ትልልቅ ከተማ ላይ ነው። ሆኖም ደርቆ ቀለም የሚጠብቅ ስላይድ ካርቶን ውስጥ አውቶቡስ ላይ ይሳፈራል እኮ፤ አይበሰብስም፣ በረዶ አይፈልግም። የፖስታ ድርጅት የአክታ ናሙና ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ ሲያመላልስ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ስላይድ ማመላለስ ከዚያ በምን ይከብዳል? አንድ ጠቅላላ ሐኪም አንገት ላይ በእጁ የሚዳሰስ ዕጢ በደንብ ቀድቶ በደንብ መቀባት ለመማር ስንት ዓመት ይፈልጋል? ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያለማቋረጥ ሐኪም ያስመርቃሉ፤ እነዚያ ሁሉ ሐኪሞች መርፌ ይዘው ክንድ ያገኛሉ፣ ዓይን ጨፍነው ደም ሥር ያገኛሉ። ዓይን አይቶት ጣት የነካው የዶሮ እንቁላል የሚያህል ነገር እንዴት ይጠፋባቸዋል?

የመጀመሪያው ችግር ግን የገንዘብም የማሽንም አይደለም። ሁሉም ሐኪም ለገንዘብ ነው የሚቆርጠው አልልም፤ ያንን ወጣት ሐኪም አይቻለሁና። ግን ጥያቄውን የማይጠይቅበት ልማድ አለ። ታካሚው ረድፍ ላይ ነው፣ ሌላ ሠላሳ ሰው ውጪ አለ፣ አንቲባዮቲክ ለመጻፍ አሥር ሰከንድ ይበቃል፣ ታካሚውም ባዶ እጁን ከሚሄድ ወረቀት ይዞ ቢሄድ ደስ ይለዋል። ከአንገት በላይ የሆነ ስምምነት ነው። ሐኪሙ ያከመ ይመስለዋል፣ እኛም የታከምን።

ለአክስቴ ልጅ ይሄን እንደምጽፍ ነግሬያታለሁ። «የሹራቡን ነገር እንዳትረሳ» አለችኝ። አልረሳሁም። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዱ የሥራ ባልደረባዋ ጆሮው ሥር ያበጠ ነገር አለኝ ብሎ ሲያሳያት ኦግመንቲኑን ከእጁ ቀማችው አሉ። ሁለተኛው ኮርስ ላይ ነበር። «ዶክተሩ በመርፌ ይታይ አላለም?» ብትለው፣ «ኧረ ብረትማ አይነካኝም» አላት።